ከመስመሩ የወጣችው ነጥብ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ ቢቀመጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ቤት ለሠራ ቤቱ፣ መጽሐፍ ለጻፈ መጽሐፉ ይመስክርለት እንበል። ዕድሜውን ሙሉ በሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ጫማ ሲያስለካ የኖረ ሰውስ? የለካቸው እግሮች እያንዳንዳቸው ወደየመንገዳቸው ሄደዋል። ያሰራቸው ክሮች የዚያኑ ዕለት ማታ ተፈትተዋል። ጫማዎቹም አልቀው ተጥለዋል። ጥያቄው የፍልስፍና ይመስላል እንጂ መልሱ አንድ ጫማ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ከካሸሯ ወንበር ኋላ፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ እድፍ አለች። የሰውየው ዕድሜ እሷ ሥር ነው።

ሰውየውን የሥራ ቤቱም የሠፈሩም ሰው "ትራስ" ይለው ነበር። ታናናሾቹ አክብሮት ጨምረው "ጋሽ ትራስ" ይሉታል። ስሙ የወጣለት በውፍረቱ ነው። ውፍረቱ ግን እንደ አንዳንዱ ሰው ውፍረት ከፊት የተሸከሙት ዕቃ አይመስልም፤ በመላ አካላቱ ላይ ያለ አድልዎ የተከፋፈለ ነበር። አንገቱም፣ ክንዱም፣ የጆሮው ጫፍ እንኳ ሳይቀር ድርሻውን አግኝቷል። በስሙም አይቀየምም።

"ትራስ ማንን ጎድቶ ያውቃል?" ይላል። "ድንጋይ ብትሉኝ ነበር የምጣላችሁ።"

ጫማ ቤቱ ሲቀጠር ግን ሚስማር የሚያህል ልጅ ነበር። የያኔው ባለቤት፣ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ፣ ትምህርቱንም ዘመዱንም አልጠየቁትም።

"ጎንበስ በል" አሉት። ጎንበስ አለ።

"ቀና በል።" ቀና አለ።

"ስትነሣ ፊትህ ላይ ቅሬታ አላየሁም። ነገ ና።"

የሽማግሌው ሕግ አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ከበሩ በላይ በትልልቅ ፊደል አስጽፈዋታል፦ "እኛ ቤት ደንበኛ አያጎነብስም።" ደንበኛ ይቀመጣል፤ ሻጩ በግራ ጉልበቱ ይንበረከካል። አሮጌውን ጫማ ሻጩ ያወልቃል፣ አዲሱን ሻጩ ያጠልቃል፣ ክሩን ሻጩ ያስራል፣ አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ ጫን አድርጎ ቦታ መትረፉን ያያል። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ግን የዚያ ቤት ብቻ ሙያ ናት። ደንበኛው ተነሥቶ ሲራመድ ሻጩ ጉንጩን ከወለሉ አስጠግቶ፣ ተረከዙ ጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ማለት አለማለቱን ከሥር ሆኖ ይመለከታል። ሌሎቹ ሻጮች ይህችን ነገር እያቃሰቱ ነው የሚያደርጓት። ትራስ ግን እንደ ፎጣ ይታጠፍና ጆሮው ወለሉ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ይቀረዋል። እዚያው ሆኖም ከደንበኛው ጋር ይጨዋወታል። ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ ሰውየው ሲሰፋ፣ ይህ ልማዱ አልተለወጠም። አካሉ በየቀኑ ስለሚታጠፍ ለመወፈር እንጂ ለመድረቅ ጊዜ አላገኘም።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ወለል ላይ ነው። የትምህርት ቤት ልብስ የምትሰፋ ልጅ ነበረች፤ ጫማ ልትለካ መጣች።

"ግራ እግርሽ ከቀኝሽ ይበልጣል" አላት ከታች ሆኖ።

"አንተ ደግሞ! ጫማ ነው ወይስ የሰው ገመና የምትሸጠው?"

"የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። የሚነግረው ጠፍቶ ነው።"

ስትሄድ ሁለት የተለያየ ቁጥር አጣምሮ ሸጠላት። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ "አንድ ቀን ተቃራኒዋ ትመጣለች" ብሎ መደርደሪያው ጥግ ላይ አስቀመጣቸው። ተቃራኒዋ አልመጣችም፤ እሷ ግን ተመልሳ መጣች። በኋላ ስታወራ፣ "ሴት ባሏን ቆማ ነው የምትተዋወቀው፤ እኔ የተዋወቅሁት ከአናቱ ጋር ነው" ትላለች። እጇ ለቅቤ የማይሰስት ሴት ናት። ሚስማሩን ትራስ ያደረገችው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሽማግሌው ሲሞቱ ሱቁ ለልጃቸው ሆነ። ሠራተኞቹ ሁሉ "ልጅየው" ይሉታል። ልጅየው ተምሯል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ጠዋት ጠዋት ይሮጣል። የሮጠውን ርቀት ክንዱ ላይ ያሰረው ዕቃ ለእሱ ይነግረዋል፤ እሱ ደግሞ ለሠራተኞቹ ይነግራል። ከአጥንቱና ከቆዳው መካከል ምንም ነገር ያለ አይመስልም። በሕፃንነቱ የመጀመሪያ ጫማውን ያጠለቀለት ትራስ ነው፤ ያኔ "ጋሼ" ይለው ነበር። ሱቁን ከወረሰ ወዲህ "አንተ" ማለት ጀምሯል።

የቆዳ ጫማዎቹን አወረደና መደርደሪያውን በሩጫ ጫማ ሞላው። ወንበሮቹን አሳነሰ፣ መስታወቱን አበዛ። የአባቱን ጽሑፍ ሊያወርደው ነበር፤ የሚደርስ መሰላል ስላልተገኘ ቀረ። ከዚያም አንድ ቀን መሐል ሱቅ ቆሞ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ሲቃኝ ዓይኑ ትራስ ላይ አረፈ፤ አርፎም ቆየ።

"የሩጫ ጫማ እየሸጥን…" አለና ሳይጨርሰው ወደ ቢሮው ገባ።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሠራተኛው ሁሉ አካል ይለካል፤ አካሉ ለሥራው የተስማማ እላይ ሱቁ ውስጥ ይቀራል፤ ያልተስማማ መጋዘን ይወርዳል። ትራስ መጋዘኑን ያውቀዋል። ከመሬት በታች ያለ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን የተደረደረበት ክፍል ነው። ጫማ ሞልቷል፤ እግር የለም። ያን ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ከተቀጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም።

የመለኪያው ቀን ልጅየው የቀጠረው የስፖርት አሠልጣኝ ሱቁ ሳይከፈት መጣ። ወጣት ነው፤ ንግግሩ እንደ ልብሱ ጥብቅ ያለ ነው። አንድ በባዶ እግር የሚቆሙበት ማሽን፣ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዟል።

"የሰው ልጅ ማለት ስብ፣ ጡንቻ፣ ውሃና አጥንት ነው" ብሎ ጀመረ።

"ነፍስስ?" አለች ካሸሯ።

"እሷን ማሽኑ አያነባትም።"

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ዘረጋው። ወደ ጎን ስብ ይጨምራል፤ ወደ ላይ መተጣጠፍ ይጨምራል። ከግራ አናት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ግርጌ የሚንሸራተት አንድ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ስብ ሲበዛ መተጣጠፍ ያንሳል ማለት ነው። ካሸሯ፣ ማንም ሳይለካ መስመሩ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙ ፈገግ አለ።

"መስመሩ ይታወቃል። እናንተ መጥታችሁ ማረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።"

መጀመሪያ ልጅየው ማሽኑ ላይ ወጣ። ማሽኑ ወዲያው ጮኸ፤ አሠልጣኙም አጨበጨበ። ከዚያ ልጅየው መሬት ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ ሳጥኑ ላይ ለጠፈና በጣቶቹ የሳጥኑን መግፊያ ሊገፋ ወደ ፊት አጎነበሰ። ጣቶቹ ቅልጥሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

"ትንፋሽዎን ይልቀቁ።"

"ለቅቄያለሁ!"

"እንደገና…"

"ለቅቄያለሁ አልኩህ እኮ!"

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገ። "እግርዎ ረጅም ነው። ሳጥኑ የተሠራው ለአጭር ሰው ነው። ማስተካከያ አለው" አለና የልጅየውን ነጥብ ቀዩ መስመር አናት ላይ አሳረፋት።

ሌሎቹ ሁለት ሻጮችና ካሸሯ እዚህም እዚያም፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ወደቁ። በመጨረሻ ትራስ ካልሲውን አውልቆ ማሽኑ ላይ ወጣ። ማሽኑ ዝም አለ።

"ምን እያሰበ ነው?" አለ ትራስ።

"እየደመረህ ነው ጋሼ፣ ታገሠው" አለች ካሸሯ።

ማሽኑ ደምሮ ሲጨርስ አሠልጣኙ ቁጥሩን አይቶ በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶውን አስቀድሞ ወረቀቱ ግርጌ ላይ አዘጋጀ። ትራስ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ፣ ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ከዚያም እጥፍ አለ። ግንባሩ ጉልበቱ ላይ አረፈ። መግፊያው ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣ ከሳጥኑ ጫፍ ወጥቶ ወደቀና የልጅየውን ጫማ መታ።



"ሆድዎ… ሆድዎ የት ገባ?" አለ አሠልጣኙ።

"እዚሁ ነው ያለው" አለ ትራስ ከእጥፋቱ ሳይነሣ። "ጠጋ በልልኝ ስለው ይጠጋል። ተላምደናል።"

አሠልጣኙ ሳጥኑን ገለበጠው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ አስደገመው። መግፊያው እንደገና ወደቀ። ሌላ ምንም ማድረግ ስላልቻለ ነጥቧን ጻፈ። ከቀዩ መስመር በጣም ርቃ፣ ወረቀቱ ቀኝ ጥግ አናት ላይ፣ ስብሰባ አርፍዶ እንደገባ ሰው ብቻዋን ቆመች።

ትራስ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። "ይቺ እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ ጋሼ። ከሁላችንም በላይ" አለች ካሸሯ።

ልቡ ሞቀ። የሰው ተረከዝ ከሥር ሲያይ የኖረ ሰው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተጽፎ ራሱን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራ እጁን ወደ ጣሪያው አንሥቶ ቦታዋን አሳያት።

"ሌሎቹስ የት ናቸው?"

"ከታች።"

"ልጅየውስ?"

"እሱን አስተካክለው ከመስመሩ ላይ አስቀምጠውታል።"

"እሰይ!" አለች ሳህኑን እየሞላችለት። "በል ብላ። ነጥብህ እንዳትወርድ።"

በማግስቱ ነጥቧ የለችም። በቦታዋ ነጭ የስህተት ማጥፊያ ቀለም ተቀብቷል፤ ገና አልደረቀም። ትራስ ወደ ቢሮ ተጠራ። ልጅየውና አሠልጣኙ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"ችግሩ አንተ አይደለህም" አለ ልጅየው። "ችግሩ ነጥብህ ናት።"

"ምን አደረገች?"

"ጋሼ፣ ውጤትዎ ልክ ነው" አለ አሠልጣኙ በትሕትና። "እውነት ግን አይደለም።"

"እንዴት ነው እሱ?"

"አንድ ሰው ብቻ ነዎት። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም።"

"ሱቁ ውስጥ በሙሉ አምስት ነን እኮ!"

"ለዚህ እኮ ነው አንዱ ይህን ያህል የሚያበላሸው።"

ልጅየው አቋረጣቸው። ወረቀቱ ለደንበኛ የሚታይ ነው። የወፈረ ሰው እንዲህ የሚታጠፍ ከሆነ የሩጫ ጫማ ማን ይገዛል? ስለዚህ ትራስ ይቀጥናል። እስኪቀጥን ድረስ አይንበረከክም፤ በር ላይ ቆሞ ደንበኛ ይቀበላል። ሲቀጥን ወደ ወለሉ ይመለሳል። ካልቀጠነ መጋዘን አለ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። መስመሩን ወደ ሰውየው ማምጣት ብዙ ነገር ያናጋል፤ ሰውየውን ወደ መስመሩ መጎተት ግን የሚያናጋው ሰውየውን ብቻ ነው። ትራስም አልተከራከረም። ወደ እግሮቹ የሚመልሰው መንገድ ይህ ብቻ ከሆነ ይሄድበታል።

"ምን ብላ አሉህ?" አለች ሚስቱ።

"ቅጠል።"

"የምን ቅጠል?"

"ማንኛውንም። እነሱም አልለዩትም።"

"ወይ ጉድ! እኔ ያገባሁት ሰው ነው፤ አሁን ፍየል ላኖር ነው?"

እያጉረመረመች ቀቀለችለት። ሰውየውም ቀጠነ። በየሳምንቱ ሱሪውን ታጠብባለች፤ ቆርጣ ያወጣችውን ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ ታጠራቅማለች። "ከአንተ ሱሪ በተረፈው ሌላ ባል አለብስበታለሁ" እያለች ታሾፍበታለች። አንድ ቀን ግን ወገቡን ለክታ ሜትሩን ጠቅልላ አስቀመጠች። ቀልዱም ከዚያ በኋላ ቀረ።

ትራስ ቀኑን ሙሉ አንድ የሩጫ ጫማ በመዳፉ ይዞ በር ላይ ይቆማል። "እንኳን ደህና መጡ" ይላል። በስተኋላው ደንበኞች ሲራመዱ፣ ተረከዛቸው ጫማው ውስጥ ሲንሸራተት በድምፁ ያውቀዋል፤ ዞሮ ማየት ግን አይፈቀድለትም። አንድ ቀን ጫማው ከእጁ አመለጠው። ሊያነሣ ሲያጎነብስ ጣቶቹ አየር ላይ ቀሩ። እንደ ምንም ብሎ በእግሩ ጎትቶ፣ መደርደሪያ ተደግፎ አነሣው። ለአሠልጣኙ ነገረው።

"ወለሉ ራቀኝ።"

"ቀጥነው ነው ጋሼ። የቀጠነ ሰው ረጅም ይመስላል፤ ለራሱም ጭምር።"

እውነቱን ለመናገር፣ የሄደው ስቡ ብቻ አልነበረም። ጭኑና ወገቡ ላይ ያለው ሥጋ፣ ዝቅ ሲል የሚይዘው፣ ሲነሣ የሚያነሣው፣ እሱም በቅጠል አብሮ ቀለጠ። ማሽኑ ይህንንም ጽፎ ነበር፤ ግን አሠልጣኙ የስቡን ቁጥር አንብቦ ሲደሰት ወደሚቀጥለው መስመር አልወረደም። የቀረውን ደግሞ በር ላይ መቆሙ ጨረሰው። አካል ባለውለታውን ቶሎ ይረሳል፤ ሳይጠሩት የከረሙት ጅማት ሲጠሩት አይሰማም። ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ሰው የሚታጠፈው ሲታጠፍ ወደኖረበት አቅጣጫ ነው። ልጅየው ከስንዴ አገዳ የቀጠነ ሆኖ ጣቱ ቅልጥሙን ያላለፈው እግሩ ረዝሞ አይደለም። ተወልዶ እስኪያድግ፣ ወድቆበት ያነሣው፣ ተፈትቶበት ያሰረው አንድም ነገር ስላልነበረ ነው። ይህን የሚለካ ሳጥን ግን ገና አልተሠራም።

ሁለተኛው መለኪያ ደረሰ። ማሽኑ ላይ ሲወጣ ወዲያው ጮኸ። አሠልጣኙ አጨበጨበ፤ ልጅየውም አጨበጨበ። ትራስ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠ። ሆዱን መታ ሊያደርግ እጁን ላከ፤ የሚመታ ነገር አጣ። ወደ ፊት ዘመመ።

"ይግፉ።"

"እየገፋሁ ነው።"

"መቼ?"

"አሁን።"

መግፊያው ከቦታው አልተነቃነቀም። አሠልጣኙ ልጅየውን አየ፤ ልጅየው ወረቀቱን አየ።  ከዚያ አሠልጣኙ ተነሣና አዲሷን ነጥብ ቀዩ መስመር አናት ላይ፣ ከልጅየው ነጥብ አጠገብ አሳረፋት።

"ኧረ አልገፋውም!" አለች ካሸሯ።

"የምንመዘግበው የሚችለውን እንጂ የሠራውን አይደለም" አለ አሠልጣኙ። "በዚህ ስብ ይህን ያህል መታጠፍ ይችላል።"

ወረቀቱ ፍሬም ገባና ከካሸሯ ኋላ ተሰቀለ። የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ትራስም ወደ ወለሉ ተመለሰ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት መጡ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የዚያ ቤት ደንበኛ ናቸው። ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር አጥንቱ ወጥቷልና ጫማ በቀላሉ አይሆናቸውም። በእጃቸው እግራቸውን እያሻሹ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ያ ወፍራሙ ሰውዬ የለም እንዴ?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። "አንተ ነህ? ምነው ልጄ፣ ታመህ ነበር?"

"ኧረ ደህና ነኝ። ጤነኛ ሆኜ ነው።"

ግራ ጉልበቱን ወደ ወለሉ ላከ። ጉልበቱ ደረሰ፤ ወገቡ ግን መንገድ ላይ ቀረ። አንድ እጁ አየር ላይ፣ አንድ እጁ መደርደሪያው ላይ፣ መውረድም መነሣትም አቃተው። ላብ ግንባሩን አጠመቀው። የጫማው ክር ከፊቱ ተንዘርፍፏል፤ አየው፤ አልደረሰበትም። መምህርቷ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ እግራቸው፣ ቀስ ብለው አጎነበሱና ጫማውን አጥልቀው ክሩን ራሳቸው አሰሩ።

"ተወው፣ አይዞህ" አሉ፤ በብብቱ ገብተውም አነሡት።

ከራሳቸው በላይ፣ መሰላል ያልደረሰበት ጽሑፍ አሁንም "እኛ ቤት ደንበኛ አያጎነብስም" ይላል። ትራስ ቀና ብሎ አነበበው። ቅስሙ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው።

ልጅየው ቢሮ አስጠራው። "ለምን አላጎነበስክም?"

"አልቻልኩም።"

"ወረቀቱ ትችላለህ ይላል።"

"ወረቀቱ ይላል። እኔ ግን አልቻልኩም።"

"እንግዲያው አልፈለግክም ማለት ነው። የአካል ችግር ቢሆን እረዳህ ነበር። ይህ የፈቃደኝነት ጉዳይ ነው።"

መጋዘን ወረደ።

ከታች ማንም አይለካውም። ሚስቱ የቅጠሉን ድስት አጥባ ሰቀለችው፤ ቅቤውም ተመለሰ። ያጠራቀመችውን ጨርቅ ከቅርጫቱ እያወጣች ሱሪውን መልሳ አሰፋችው። "ሌላ ባል አላገኘሁም፤ እንካ የራስህን" አለችው። የካርቶኑ ቁጥር የሚጻፈው ጎኑ ላይ ነውና የታችኛውን ለማንበብ ወለሉ ድረስ መውረድ ግድ ይላል። መጀመሪያ በጉልበቱ፣ ከዚያ በእጁ፣ ቆይቶም በጉንጩ ወረደ። አንድ ቀን ካሸሯ ካርቶን ልትፈልግ ስትመጣ ትራስን እንደ ፎጣ ታጥፎ፣ ጆሮውን ወለሉ ላይ አስጠግቶ ቁጥር ሲያነብ አገኘችው።

"ጋሼ! ተመልሰሃል እኮ!"

"ተመልሻለሁ" አለ እዚያው እንደታጠፈ። "እግሩ ነው የሌለው።"

ያን ዕለት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ደረጃውን ወጣ። ልጅየውና አሠልጣኙ ወረቀቱ ሥር ቆመው ያወራሉ። ትራስ ፊታቸው ቆመና፣ ልጅየውን ሱቁን ከወረሰ ወዲህ ብሎት በማያውቀው ቃል ጠራው።

"ልጄ፣ ወደ ወለሉ መልሰኝ አልልህም። ደሞዝ ጨምርልኝም አልልህም። ያችኛዋን ነጥቤን መልስልኝ። ያችን ከላይ ያለችውን። በመስመሩ ላይ ያለችው እኔ አይደለሁም፤ እሷን የሠራኋት እኔ አይደለሁም። ነጩን ቀለም በጥፍር ፋቅ ብታደርገው ከሥሩ አለች።"

"ፍሬሙ ታሽጓል" አለ ልጅየው።

"ስለ አንድ ነጥብ ብለን መስመሩን…" አለ አሠልጣኙ።

"መስመሩን ተዉት፤ ይኑር። ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። እሷም ትኑር ነው የምለው።"

ልጅየው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "እናስብበታለን" አለ። በዚያ ሱቅ ይህ ቃል ጉዳዩ አለቀ ማለት መሆኑን ከትራስ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ካርቶን ተሸክሞ በወጣ ቁጥር ይጠይቃል። ካሸሯንም "አንቺ እንኳ ሰው በሌለበት ፋቂልኝ" ይላታል። እሷም "እሺ ጋሼ፣ ነገ" ትላለች፤ በማግስቱም ከወንበሯ ተነሥታ ፍሬሙን አየት ታደርግና ወደ ቢሮው በር ዞራ ትቀመጣለች።

ትራስ ጡረታ ሳይወጣ፣ ሌሊት ተኝቶ ሳይነሣ ቀረ። ሚስቱ ሐዘኑ ጋብ ሲል ወደ ሱቁ ሄደች። ልጅየው ተቀብሎ አስቀመጣት፤ አባቱን እያነሣ፣ ሰውየውን እያመሰገነ ብዙ አወራት።

"ለአንድ ነገር ነው የመጣሁት" አለች ወደ ግድግዳው እያመለከተች። "ይህችን ፋቁልኝ። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ሲለምናችሁ ነበር አሉ።"

ልጅየው በጣም አዘነላት። ከመደርደሪያው ከአዲሶቹ የሩጫ ጫማዎች አንድ ጥንድ አንሥቶ፣ "ይህ ከሱቁ ማስታወሻ ይሁንሽ" ብሎ ሰጣት። ሁለቱም አንድ ቁጥር ነበሩ፤ ግራው ጠበባት።

ነጥቧ ዛሬም ነጩ ቀለም ሥር ናት። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጥላዋ ይታያል። በጥፍር ጫፍ የምትፋቅ ነገር ናት፤ ሰውየው በዕድሜው የለመነው እሷን ብቻ ነበር፤ የፋቀለት ግን የለም።